ስሜተ ስሱ ታዳጊና አስፈሪው መጽሐፍ

አስፈሪ ድባብ ያላቸው ልብ ወለዶች፣ ማለትም የተተወ ቤት፣ የመቃብር ስፍራ፣ ጭጋግ የዋጠው ሜዳ ወይም በሌሊት የሚሰማ ኮቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያጠላባቸው መጻሕፍት፣ ከ12 እስከ 16 ዓመት ዕድሜ ባላቸው አንባቢዎች ዘንድ በጣም ይወደዳሉ፤ ከወዳጆቻቸው መካከል ጥቂት የማይባሉት ደግሞ በተፈጥሯቸው ቶሎ የሚነኩ፣ የሌላው ሕመም የሚያማቸው፣ አንድ ክፉ ወሬ ከሰሙ ሌሊቱን ሲገላበጡ የሚያድሩ ልጆች መሆናቸው ወላጆችን ግራ ያጋባል። ወላጅ ልጁ የሚወደውን መጽሐፍ ቢከለክል የንባብ ፍቅሩን የሚያቀዘቅዝበት፣ ቢፈቅድ ደግሞ ቅዠት የሚያተርፍለት ይመስለዋል። ይህ ምዕራፍ ጉዳዩን የሚመለከተው ከደቡብ አፍሪካዋ ጆሃንስበርግ አንጻር ነው፤ በዚያች ከተማ የሚያድግ ታዳጊ፣ በተለይም ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ከሆኑ፣ ፍርሃትን ያወቀው መጽሐፉን ከመግለጡ በፊት ስለሆነ፣ ለሌላ አገር ልጆች ተብሎ የተሰጠ የመጽሐፍ ምክር እንዳለ ሊያገለግለው አይችልም። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፍ ሻጭም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አዘውትሮ የሚጠየቀው ጥያቄ ‹‹ይህ መጽሐፍ በጣም ያስፈራል ወይ?›› የሚል ነው። ጥያቄው ፍርሃትን እንደ በርበሬ በመጠኑ ብቻ የሚለካ ነገር ያደርገዋል፤ ስሜተ ስስ ለሆነ አንባቢ ግን ከመጠኑ ይልቅ ዓይነቱ፣ ከዓይነቱም ይልቅ የሚያስፈራው ነገር ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ያለው ርቀት ይበልጥ ወሳኝ ነው። አንድ ታዳጊ መቶ ሙታን የሚመላለሱበትን ታሪክ በደስታ አንብቦ ጨርሶ፣ አንድ ሙት የሌለበት የሦስት ገጽ ታሪክ ለሳምንታት እንቅልፍ ሊነሣው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

‹‹ስሜተ ስስ›› የሚለው አጠራር እዚህ ላይ የድክመት ወይም የሕመም ስም ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ምሁር ኢሌን አሮን በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በቀጣዩም ዓመት ከባለቤታቸው ከአርተር አሮን ጋር ባቀረቡት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች ድምፅን፣ ብርሃንን፣ የሰውን ፊትና የንግግርን ቃና ከሌላው ይበልጥ በጥልቀት እንደሚያስተውሉ፣ በዚያው ልክም ቶሎ እንደሚጨናነቁ አስረድተዋል፤ በእርሳቸው ግምት ከ100 ሰዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ይህ ተፈጥሮ አላቸው። በዚህ መስክ የቀጠሉት ተመራማሪዎች ያከሉት ነጥብ ለመጽሐፍ መራጭ ይበልጥ ይጠቅማል፤ እንዲህ ያለው ልጅ በክፉ ሁኔታ ከእኩዮቹ ይበልጥ የሚጎዳውን ያህል፣ በመልካም ሁኔታ ደግሞ ከእኩዮቹ ይበልጥ የሚጠቀም መሆኑን አመልክተዋልና። ድባብ ማለት ከድርጊቱ ተለይቶ በቦታው፣ በብርሃኑ፣ በድምፁና በዝምታው አማካይነት በአንባቢው ላይ የሚያርፈው ስሜት ከሆነ፣ ይህንን ስሜት ከማንም በፊት የሚይዘው ጥቃቅኑን የሚያስተውለው ልጅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ስሜተ ስሱ ታዳጊ አስፈሪ መጽሐፍን መፈለጉ ከተፈጥሮው ጋር የሚቃረን አይደለም፤ እንዲያውም ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከእርሱ የተሻለ አንባቢ የለም፤ ሊጠበቅ የሚገባውም በዚያው ምክንያት ነው።

የፍርሃትን ዓይነት ለመለየት እስከ ዛሬ ድረስ ያልተበለጠውን መሣሪያ ያቀረቡት በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር እጅግ ተነባቢ የነበሩት ደራሲ አን ራድክሊፍ ናቸው። ከሞቱ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1826፣ በታተመ ጽሑፋቸው ሁለት ተቀራራቢ የሚመስሉ ስሜቶችን ይለያሉ። አንደኛው ሥጋት ነው፤ ገና ያልታየ፣ ቅርጹ ያልታወቀ ነገር ሲጠበቅ የሚሰማ ስሜት ሲሆን፣ የአንባቢውን አእምሮ ያነቃል፣ ያሰፋል፣ እንዲመረምርም ይገፋዋል። ሁለተኛው ዘግናኝነት ነው፤ የተቆረጠ አካል፣ የፈሰሰ ደም፣ የተፈጸመ ጭካኔ በግልጽ ሲታይ የሚመጣ ስሜት ሲሆን፣ አእምሮን የሚያደነዝዝና የሚያኮማትር ነው። ራድክሊፍ ራሳቸው በ1794 ባሳተሙት ‹‹የኡዶልፎ ምሥጢሮች›› በተሰኘው ልብ ወለድ የመረጡት የመጀመሪያውን መንገድ ነበር፤ በተራራ ላይ ባለ ግንብ ውስጥ የተዘጋባት ወጣት የምትሰማቸውና የምታያቸው ነገሮች አንባቢውን ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ካሳጠሩት በኋላ፣ በመጨረሻ እያንዳንዳቸው በሰው ሥራ ወይም በተፈጥሮ ምክንያት ይብራራሉ።

ይህ ልዩነት ለስሜተ ስሱ አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ሥጋትን የሚያነብ ልጅ የፍርሃቱን መጠን የሚወስነው በራሱ አእምሮ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን ነገር ደራሲው ካልሣለው፣ ልጁ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል አድርጎ ይሥለዋል። ዘግናኝነት ግን ይህንን ምርጫ ይነጥቀዋል፤ በዝርዝር የተነገረ ጭካኔ በሚያስተውል አእምሮ ውስጥ እንደ ተነገረ ይቀመጣል፣ በማግስቱም ሳይጠሩት ይመጣል። ወላጅ መጽሐፉን ገልጦ ጥቂት ገጾችን ሲያነብ ሊያጣራው የሚገባው መናፍስት መኖር አለመኖራቸውን ሳይሆን፣ ደራሲው ለአንባቢው የተወው ጨለማ መኖሩን ነው።

ፍርሃት ከመስኮቱ ያለው ርቀት

ጆሃንስበርግ በ1886 ወርቅ በመገኘቱ የተቆረቆረች፣ ከመሬቷ በታች የተተዉ የማዕድን ጉድጓዶች፣ ከመሬቷም በላይ ከጉድጓዶቹ በወጣ አፈር የተከመሩ ቢጫ ኮረብታዎች ያሉባት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ሞቃታማ ወቅት ሰማይዋ ከሰዓት በኋላ በድንገት ጠቁሮ በመብረቅ የሚሰነጠቅ ከተማ በመሆኗ፣ ለአስፈሪ ልብ ወለድ የሚሆን ድባብ አይጎድላትም። ይሁን እንጂ ነዋሪዋ ዕለት ተዕለት የሚጠነቀቀው ከሙታን ሳይሆን ከሕያዋን ነው። የግቢው አጥር ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘረጋል፤ በሩ ላይ ጥሪ ሲደርሰው መሣሪያ ታጥቆ የሚመጣ የጥበቃ ድርጅት መኖሩን የሚያስታውቅ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ልጆች ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት ግራና ቀኙን ማየትን ገና በሕፃንነታቸው ይለምዱታል።

ይህንን እውነታ በአስፈሪ ተረት መልክ ያቀረቡት፣ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በጆሃንስበርግ የኖሩትና በ1991 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ናዲን ጎርዲመር ናቸው። ‹‹ከዕለታት አንድ ቀን›› ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ርእስ ያለው አጭር ልብ ወለዳቸው የተጻፈው ለሕፃናት በሚነገር ተረት አቀራረብ ነው፤ በአንድ ሰፈር ባልና ሚስት ከትንሽ ልጃቸው ጋር በደስታ ይኖራሉ፣ ሌባን በመፍራት በየጊዜው ቅጥራቸውን ያስረዝማሉ፣ መስኮታቸውን በብረት ያጥራሉ፣ በመጨረሻም በግንቡ አናት ላይ ስለታም የተጠማዘዘ ሽቦ ያስዘረጋሉ፤ ልጁም በተረት እንደ ሰማው ልዑል ልሁን ብሎ በሽቦው ውስጥ ሲገባ ይጠፋል። በታሪኩ ውስጥ መንፈስም ሆነ ጭራቅ የለም። ሆኖም ያንኑ ሽቦ በየቀኑ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ለሚያይ ስሜተ ስስ ልጅ ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የ13 ዓመት ልጅ በአልጋው ላይ ብቻውን ሆኖ የሚያነበው አይደለም። ዕድሜው ከፍ ብሎ፣ በክፍል ውስጥ ከመምህርና ከጓደኞች ጋር፣ አጥሩ ለምን እንዲህ እንደ ረዘመ፣ ማን ከማን እንደ ተለየበት እየተነጋገረ ሊያነበው ይገባል፤ የአፓርታይድ ዘመን ፍርሃት ምን እንደ ሠራ ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት የተሻለ ያስረዳዋልና።

መገናኛ ብዙኃን በልጆች ላይ የሚያሳድሩትን ፍርሃት ለረጅም ጊዜ ያጠኑት አሜሪካዊቷ ጆአን ካንተር የደረሱበት ውጤት ከዚህ ጋር ይስማማል። በእርሳቸው ጥናት መሠረት ሕፃናትን በዋናነት የሚያስፈራቸው የሚታየው መልክ ሲሆን፣ ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ግን ፍርሃቱ ወደሚቻለው ነገር፣ ማለትም ወደ አፈና፣ ወደ ጥቃት፣ ወላጅን ወደ ማጣት ይሸጋገራል። ለአንድ የ5 ዓመት ልጅ አስቀያሚ ጭምብል ያጠለቀ ደግ ሰው አስፈሪ ነው፤ ለ14 ዓመት ልጅ ግን ፈገግ ብሎ በር የሚያንኳኳው ሰው ይበልጥ ያስፈራዋል። ‹‹ልብ ወለድ እኮ ነው፣ እውነት አይደለም›› የሚለው የወላጅ ማጽናኛ ለታዳጊ ብዙም የማይሠራውም ስለዚህ ነው፤ ታሪኩ ባይፈጸምም ሊፈጸም እንደሚችል ልጁ ያውቃል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ ለልጆች የተጻፉና በዓለም ዙሪያ የሚመሰገኑ መጻሕፍት እንኳ በጆሃንስበርግ ክብደታቸው ይለወጣል። ኒል ጌይማን በ2008 ያሳተሙት ‹‹የመቃብሩ መጽሐፍ›› የአሜሪካውን የኒውበሪና የብሪታንያውን የካርኔጊ ሜዳሊያ በአንድነት ያገኘ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን በመቃብር ስፍራ በሚኖሩ መናፍስት እጅ እንዴት እንዳደገ የሚተርክ ሲሆን፣ መናፍስቱ ደጎች፣ አስተማሪዎችና አሳዳጊዎች ናቸው፤ በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢውን የሚያሞቀው ክፍልም እነርሱ ያሉበት ነው። የሚያስፈራው የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ በዚያ ላይ አንድ ሰው ቢላ ይዞ በሌሊት ቤት ውስጥ ገብቶ ቤተሰቡን ገድሎ ሕፃኑን ይፈልጋል። ሌላ ቦታ ይህ መግቢያ የተረት ያህል ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ ጎረቤቱ የተዘረፈበት የጆሃንስበርግ ልጅ ግን መጽሐፉን እዚያው ላይ ሊዘጋው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግነት ሁሉ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወላጅ በቀን፣ አጠገቡ ተቀምጦ ቢያነብለት ወይም ምን እንደ ተፈጸመ በአጭሩ ነግሮት ከሁለተኛው ቢያስጀምረው ምንም ነውር የለበትም፤ ደራሲው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል የማንበብ ግዴታ የለምና።

ለኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ክብደት ይጨመራል። ከ1990ዎቹ ወዲህ በርካታ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ የሄዱ ወጣቶች፣ በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ‹‹ጄፒ›› ብለው በሚጠሩት ሰፈር የልብስ፣ የጫማና የብርድ ልብስ ንግድ መሥርተው ልጆች አሳድገዋል፤ ሌሎችም በከተማዋ ዙሪያ ባሉ የጥቁሮች መንደሮች ሱቅ ከፍተዋል። በግንቦት 2008 ከእነዚህ መንደሮች አንዷ በሆነችው በአሌክሳንድራ ተነሥቶ ወደ ሌሎች ስፍራዎች የተዛመተውና ከ60 በላይ ሰዎች የሞቱበት በውጭ ዜጎች ላይ ያነጣጠረ ጥቃት፣ ከዚያም በ2015ና በ2019 የተከተሉት ጥቃቶች፣ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ ዝም ተብሎ የሚታወቅ ነገር ሆነው ቀርተዋል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ሕዝብ ችቦ ይዞ ቤት የሚከብበትን ትዕይንት ሲያነብ፣ አንድ የኬፕ ታውን ወይም የለንደን ልጅ የማያየውን ያያል። በብዙ የጥንት አስፈሪ ልብ ወለዶች እንዲህ ያለው ትዕይንት እንደ ማጌጫ የሚገባ ስለሆነ፣ ወላጅ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ቶኮሎሼ፣ ፒንኪ ፒንኪና የቤት እምነት

ታዳጊው ትምህርት ቤት የሚሰማው ወሬም የንባቡ አካል ነው። ቶኮሎሼ የሚባለው፣ በዙሉና በኮሳ ሕዝቦች እምነት ቁመቱ እጅግ አጭር የሆነና በሌሊት ሰውን የሚያስጨንቅ ፍጡር፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ ሰዎች እንዳይደርስባቸው አልጋቸውን በጡብ ላይ ከፍ አድርገው እንዲተኙ ያደርጋል። በዕድሜ ከእርሱ በጣም የሚያንሰው፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በትምህርት ቤቶች የተወራው ፒንኪ ፒንኪ ነው፤ በልጃገረዶች መጸዳጃ ቤት ውስጥ አድፍጦ ይጠብቃል፣ ሮዝ ቀለም የለበሰችውንም ያጠቃል ይባላል። በጆሃንስበርግ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ያስተማሩት ሠዓሊ ፔኒ ሲዮፒስ ከ2002 ጀምሮ በዚህ ፍጡር ላይ ተከታታይ ሥዕሎችን ሠርተዋል፤ ሥዕሎቹም ወሬው የልጃገረዶችን የሰውነት ለውጥ፣ የወሲብ ጥቃት ሥጋትንና በአገሪቱ ሽግግር ዘመን የነበረውን ጭንቀት አንድ ላይ የያዘ መሆኑን ያሳያሉ። ልጆች ሊናገሩት ለማይችሉት ፍርሃት ፊት ሰጡት ማለት ነው። አስፈሪ መጽሐፍም በጥሩ እጅ ሲጻፍ ይህንኑ ያደርጋል፤ መልክ የሌለውን ሥጋት መልክ ሰጥቶ ልጁ ስለ እርሱ እንዲነጋገር ያስችለዋል።

ኢትዮጵያዊው ወላጅ ጅብ የሚሆን ቡዳን፣ ጭራቅንና ዛርን እየሰማ ያደገ እንደ መሆኑ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት መታየት አለበት። በጸሎትና በጾም በሚኖር የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንት ወይም የሙስሊም ቤት ያደገ ታዳጊ ስለ ርኩስ መንፈስ የሚሰማው እንደ እውነት ነው፤ ስለዚህ በጋኔን ስለ ተያዘች ልጅ የሚተርክ ልብ ወለድ፣ ለማያምን አንባቢ ከሚሆነው ይልቅ ለእርሱ እጅግ ቅርብ ይሆናል፤ ደም የሚጠጣው የአውሮፓ ቫምፓየር ግን ከእምነቱ ዓለም ውጭ በመሆኑ እንደ ተረት ያልፈዋል። ብዙ ወላጆች ሁለቱንም በአንድ ላይ ‹‹የሰይጣን መጽሐፍ›› ብለው ይከለክላሉ፤ ለልጁ ግን አንዱ የሌላውን ያህል አይከብደውም። ክልከላው ከእምነት የመጣ ከሆነ ሊከበር ይገባል፤ ሆኖም የልጁን እንቅልፍ ለመጠበቅ የታሰበ ከሆነ፣ መለየት ከመከልከል ይበልጥ ይጠብቀዋል።

ተረት ሰሪዎቹ አባቶችና እናቶች ፍርሃትን በሥርዓት መያዝ ያውቁ ነበር። በኮሳ ሕዝብ ዘንድ ተረት የሚነገረው ከመሸ በኋላ ሲሆን፣ የታወቀ መክፈቻና መዝጊያ አለው፤ በአማርኛም ‹‹ተረት ተረት›› ሲባል ሰሚው መልስ ሰጥቶ ይገባል፣ ‹‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ›› ሲባል ደግሞ ይወጣል። በዚህ መግቢያና መውጫ መካከል ጭራቁ የፈለገውን ቢበላ ሕፃኑ የሚተኛው ታሪኩ መዘጋቱን አውቆ ነው። ስሜተ ስስ ለሆነ አንባቢ የመጽሐፉ አጨራረስ ከሁሉም በላይ የሚመዘነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሱዛን ሂል በ1983 ያሳተሙት ‹‹ጥቁር የለበሰችው ሴት›› በድባብ አያያዙ ወደር የማይገኝለት ቢሆንም፣ መጨረሻው አንባቢውን ያለ ምንም ማጽናኛ ስለሚለቀው ለዚህ አንባቢ አይመከርም።

ምልክት የሌለው ሸቀጥ

የደቡብ አፍሪካ የፊልምና የኅትመት ቦርድ በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ፊልሞችንና የኮምፒውተር ጨዋታዎችን በዕድሜ ይመድባል፤ 13፣ 16 ወይም 18 ከሚለው ቁጥር ጋር ዓመፅ፣ ወሲብ፣ ስድብ ወይም አስፈሪነት መኖሩን የሚያመለክት ፊደልም ያስቀምጣል። ልብ ወለድ መጽሐፍ ግን አቤቱታ ካልቀረበበት በቀር ምንም ምልክት ሳይኖረው ይሸጣል። ይህ መልካም ነው፤ መንግሥት ለአንባቢ መጽሐፍ በመረጠበት ዘመን፣ በ1955፣ ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተሙት ‹‹ፍራንክንስታይን›› እንኳ ጸያፍ ተብሎ በአገሪቱ ታግዶ ነበር። ምልክቱ ባለመኖሩ ግን ሥራው በወላጁና በመጽሐፍ ሻጩ ላይ ይወድቃል። ቀን ከሌት በሱቁ የሚውል፣ ልጁ የሚያነብበትን እንግሊዝኛ እንደ ልጁ የማያነብ ወላጅ ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ አስቀድሞ እንዲያነብ መጠየቅ ከባድ ነው። በ1935 የተከፈተው የጆሃንስበርግ ዋና ቤተ መጻሕፍት ከ2020 ጀምሮ ለዓመታት ተዘግቶ መቆየቱ፣ ምክር ሊሰጡ ይችሉ የነበሩትን ባለሙያዎች ከእነዚህ ቤተሰቦች ያራቀ እውነተኛ ጉዳት ነው።

እንዲህ ላለው ወላጅ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምዕራፍ ማንበብ፣ መካከሉንም ልጁ በአማርኛ እንዲተርክለት መጠየቅ ይበቃዋል። ልጁ ሲተርክ የሚያልፈው፣ ድምፁ የሚቀንስበት ወይም ደጋግሞ የሚመለስበት ቦታ ፍርሃቱ ያለበት ነው።

ለመጀመሪያ ንባብ ከሚመረጡት መካከል ቀዳሚው የአርተር ኮናን ዶይል ‹‹የባስከርቪሎቹ ውሻ›› ሊሆን ይገባል። ኮናን ዶይል በ1900 በቦር ጦርነት ጊዜ ከጆሃንስበርግ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በብሉምፎንቴይን በሐኪምነት አገልግለዋል፤ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት ይህ ልብ ወለድ በ1902 በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ጭጋግ፣ ረግረግ፣ በሌሊት የሚሰማ ጩኸትና የቤተሰብ እርግማን ሁሉ አለበት፤ ሆኖም አንባቢው በአብዛኛው ከሼርሎክ ሆልምስ ጓደኛ ከዶክተር ዋትሰን ጋር ስለሚሄድ ፍርሃቱን የሚመረምርለት ሰው ከጎኑ አይለይም፣ በመጨረሻም ሁሉ ነገር ይብራራል። የራድክሊፍ ዘዴ ከመቶ ዓመት በኋላ በተሻለ እጅ የሠራበት መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። የፊሊፓ ፒርስ ‹‹የቶም የእኩለ ሌሊት አትክልት ስፍራ›› (1958) ደግሞ ምንም ዓይነት ጭካኔ ሳይገባበት፣ አሥራ ሦስት ጊዜ በሚደውል ሰዓትና በቀን በማይታይ የአትክልት ስፍራ ብቻ የምሥጢርን ስሜት የሚሰጥ ስለሆነ፣ እጅግ ለሚደነግጥ ልጅ ከሁሉ በፊት ይሰጠዋል።

የጌይማን ‹‹ኮራላይን›› (2002) ብዙ ወላጆች የሚፈሩት፣ ብዙ ልጆች ግን እንደ ጀብዱ የሚያነቡት መጽሐፍ ነው። ጀግናዋ በግድግዳ ውስጥ ባለ በር አልፋ፣ በዓይኗ ፈንታ አዝራር ካላት ሌላ እናት ጋር ትገናኛለች፤ ወላጆቿንም ራሷ ታስመልሳለች። ምርጫው ሁሉ በልጅቷ እጅ መሆኑ ለስሜተ ስሱ አንባቢ ትልቅ ድጋፍ ይሰጠዋል። በ2009 የወጣው ፊልም ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዝራሩን ዓይን አስቀድሞ በፊልም ያየ ልጅ በራሱ ልክ ሊሥለው አይችልም። ስለዚህ መጽሐፉ ይቅደም።

ከአፍሪካ ከወጡት ውስጥ ናይጄሪያዊ አሜሪካዊቷ ኔዲ ኦኮራፎር በ2011 ያሳተሙት ‹‹አካታ ዊች›› በተለይ ለስደተኛ ልጅ ይቀርባል፤ በኒው ዮርክ ተወልዳ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ናይጄሪያ የተመለሰች፣ በሁለቱም ቦታ እንግዳ የሆነች የ12 ዓመት ልጅ ታሪክ ነውና። ሕፃናትን የሚያፍን ነፍሰ ገዳይ በታሪኩ ስላለ፣ የልጅ አፈና ወሬ በከተማው በተናፈሰበት ሰሞን ሳይሆን ሌላ ጊዜ ይነበብ። የፓትሪክ ነስ ‹‹ጭራቁ ሲጠራ›› (2011) በሌሊት የሚመጣ የዛፍ ጭራቅ ቢኖረውም በእውነቱ ስለ እናት የካንሰር ሕመም የሚናገር ነው፤ ወላጁ ወይም አያቱ የታመሙበት ልጅ ያለ ዝግጅት ሊሰጠው አይገባም፤ ኀዘኑ ካለፈ በኋላ ግን ከማንኛውም የምክር መጽሐፍ ይበልጥ ሊያጽናናው ይችላል። በጆሃንስበርግ የተወለዱት ሎረን ቢዩክስ በሂልብሮው ሰፈር ላይ የጻፉትና በ2011 የአርተር ሲ. ክላርክ ሽልማት ያገኘው ‹‹ዙ ሲቲ›› የከተማዋን ድባብ ከማንም በላይ ቢይዝም፣ አደንዛዥ ዕፅና ግድያ ስላለበት ለአዋቂ ይቆይ።

የሚነበብበት ሰዓትም ከምርጫው አይነጠልም። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮም መብራትን በፈረቃ ያቋርጥ በነበረባቸው ዓመታት የጆሃንስበርግ ልጆች በባትሪ ብርሃን ማንበብን ለምደዋል፤ ለሌላው ደስታ የሆነው ይህ ጨለማ ለስሜተ ስሱ ልጅ ከመጽሐፉ የማይወጣበት ወጥመድ ሊሆን ይችላል። አስፈሪው መጽሐፍ ከሰዓት በኋላ ተነብቦ፣ ማታ በሌላ መጽሐፍ ቢተካ በቂ ነው።

ሁሉንም መምረጥ ግን አይቻልም። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛን እንደ አንደኛ ተጨማሪ ቋንቋ ለሚወስዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለዓመታት ከተመደቡት ሥራዎች መካከል የሼክስፒር ‹‹ማክቤዝ››ና የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ‹‹ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ›› ይገኙባቸዋል፤ ጠንቋዮች፣ የሟች መንፈስ፣ የሕፃናት ግድያና ራስን ማጥፋት ያለባቸው እነዚህ ሥራዎች በማትሪክ፣ ማለትም በ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና፣ ስለሚጠየቁ ስሜተ ስስ ነኝ ብሎ ማለፍ አይፈቀድም። ‹‹ማክቤዝ››ን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውታልና፣ ወላጁ በአማርኛ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ አንብበው የማክዳፍ ልጆች የሚገደሉበትን ትዕይንት አስቀድመው ሊነጋገሩበት ይችላሉ። የ1886ቱ የስቲቨንሰን መጽሐፍ ደግሞ ጆሃንስበርግ ከተቆረቆረችበት ዓመት ጋር እኩያ፣ መጠኑም ትንሽ ነው፤ ዋናው ሰው ራሱን በመርዝ ማጥፋቱ ለልጁ ድንገተኛ እንዳይሆንበት፣ ወላጅ በታኅሣሥ ዕረፍት፣ የ12ኛ ክፍል ትምህርት በጥር ከመጀመሩ በፊት፣ ከልጁ ቀድሞ ያንብበው።